የሻምበሉ ሚስት ሦስት ካርዶች

የበደለችኝ የሟች ወንድሜ ሚስት ታናሽ እህት ናት። ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር 1987፣ እዚህ ኮሎምበስ ቅጠል የሚረግፍበት ወር ነበር። ስሟን አልጽፍም። ስሟን ብጽፍ ወሬው ሁሉ ስለ እኔ ክፋት ይሆናል፤ ሰዎቻችንን አውቃቸዋለሁ። እሷን የሚያውቁ ደግሞ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርሱ ማን እንደሆነች ይገባቸዋል።

በዚያው ዓመት በጥር ኤርፖርት ሄጄ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ከሱዳን መምጣቷ ነበር። አንድ ሻንጣና አንድ ስስ ሹራብ ይዛ፣ በመስታወቱ በረዶውን እያየች ብቻዋን ስትስቅ አገኘኋት። ዋይትሆል ሰፈር ባለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዬ አልጋዬን ለቅቄላት ሶፋ ላይ ተኛሁ። ወራት እንዲህ አለፉ። ይህን የምጽፈው ውለታዬን ለመቁጠር አይደለም። ወይም ለመቁጠር ነው፤ ሌላ ማን ይቆጥርልኛል።

እሷ ሠላሳ አልሞላትም፤ እኔ ሃምሳ ሁለት ነበርኩ። እሷ ኮሌጅ ጀምራ ያቋረጠች፣ እንግሊዝኛ እንደ ውሃ የሚፈስላት ናት። እኔ አገር ቤት አሥራ ስምንት ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ክስ ሲመጣ፣ መልስ ሲመጣ፣ የምስክር ቃል ሲመጣ በወስፌ በስቼ በሲባጎ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ዳኛ ቢቀየር፣ መንግሥት ቢቀየር መዝገቡ የት መደርደሪያ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ኮሎምበስ ስመጣ ግን ዎርዝንግተን ውስጥ አንድ የድሮ ወረቀት የሚጠበቅበት ቤት ተቀጥሬ ወለል እወለውል ጀመር። ወረቀት ያለበት ቤት መሆኑ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ይባስ አበሳጨኝ፤ የማልነካው ወረቀት ነበርና።

የቤቱ ኃላፊ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ አሜሪካዊት ነበረች። ለእኔ ጥሩ ነበረች። ጥሩነቷ ግን ለሁሉ አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ልጅቷ ከመምጣቷ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አንድ ቤተሰብ ከጣሪያው ሥር ያገኘውን ሦስት ሳጥን ወረቀት ለዚያ ቤት ሰጠ። የአንድ ሰው ወረቀት ነው። ኦሃዮ ገና ጫካ በነበረች ጊዜ ከምሥራቅ መጥተው እዚህ አካባቢ ከተማ ከቆረቆሩት አንዱ ነበር። ሥራው ቆዳ ፋቂ፤ የከተማው ሚሊሻ ሻምበልም ነበር። ቆዳ ፋቂ ሻምበል ሲሆን እኔ አገር አላየሁም። እኛ ቆዳ ፋቂው የፋቀውን ቆዳ እየተጫማን ቤቱ ገብተን ውሃ አንጠጣም ነበር። ስለዚህ ለሰውየው መጀመሪያ ያደረብኝ አክብሮት ነው። በኋላ ቀነሰ።

ከገዥው የተሰጠው የሹመት ደብዳቤ አለ፤ የማኅተሙ ሰም ጠቁሯል። የቤት ሽያጭ ውል አለ፣ መጥሪያ አለ፣ ኑዛዜ አለ፤ ከሰልፍ የቀሩ ሚሊሻዎች ለመቅረታቸው የሰጡት ምክንያትም ተዘርዝሯል። ሁሉም በሦስት ታጥፎ ጀርባው ላይ የነገሩ ርእስ ተጽፎበታል። ኃላፊዋ እጥፋቱን እየፈታች ስትዘረጋ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደነበረ ጠፍቶባት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ክምሩን ትታው ነበር።

አንድ ጠዋት መወልወያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩ። አንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ሁለት የስፒል ቀዳዳ አለው፤ ዙሪያው በዝገት ቢጫ ሆኗል። ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ወረቀት ላይ እነዚያው ሁለት ቀዳዳዎች በዚያው ርቀት አሉ። የተጻፈውን በደንብ አላነብም፤ ቀዳዳ ግን አነባለሁ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ሁለቱን አነባበርኩ። ሦስተኛ ፈለግኩ፣ አገኘሁ። ቀና ስል ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

የምባረር መስሎኝ ነበር። ምን እያደረግሽ ነው አለችኝ። ሦስቱን ወረቀት አንስቼ ወደ መስኮቱ ያዝኩላት። ብርሃኑ በሦስቱም ቀዳዳ አንድ ጊዜ አለፈ። ቀረብ ብላ አየች፤ ከዚያ ሄዳ ወንበር ይዛልኝ መጣች። እዚያ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቼ የተቀመጥኩበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጠዋት ወረቀት ላይ እሠራ ጀመር፤ የቀረውን ቀን ወለል። ለእያንዳንዱ ወረቀት በላዩ የሚጠቀሱትን ሰዎች ካርድ ላይ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ በስማቸው በፊደል ተራ እንድደረድር አዘዘችኝ። ደረደርኩ። እኛ ዘንድ ስም ማለት የራስ ስም ነው፤ የሚከተለው የአባት ነው። ሴትም ብታገባ፣ ብትፈታ፣ ባሏ ቢሞትባት ስሟ ያው ስሟ ነው። አሜሪካኖች በቤተሰብ ስም እንደሚመዘገቡ፣ ሚስት የባሏን ስም እንደምትወስድ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። እጄ ግን የለመደውን ሠራ። ለወራት ካርዱን ሁሉ በመጀመሪያ ስም ስደረድር ከረምኩ። መሳቢያውን የምከፍተው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ማንም አላየም።

በሚያዝያ ኃላፊዋ ታይፕ የሚመታላት ሰው ፈለገች። አንዲት ልጅ አለችኝ ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እጇን ይዤ ያስገባኋትም እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሲስቁ ሰማሁ። እኔ ደረጃውን እየወለወልኩ ነው። ኃላፊዋ እንደዚያ ስትስቅ በሦስት ዓመት ሰምቻት አላውቅም። ማታ ቤት ስንገባ ምን እንዳሳቃቸው ልጅቷን ጠየቅኳት። «ኧረ ዝም ብሎ ነው እትዬ፤ ጆክ ነው፣ በአማርኛ አይመጣም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በአማርኛ የማይመጣ ነገር በዛ። ምሳ አብረው ይበላሉ። መጽሐፍ ትሰጣታለች። በሐምሌ ኃላፊዋ ከጓሮዋ ቲማቲም አመጣች። ለእሷ በእጇ ሰጠቻት፤ ለእኔ በወረቀት ከረጢት አድርጋ የመወልወያው ቁም ሳጥን እጀታ ላይ አንጠልጥላልኝ አገኘሁ። የእኔው ይበዛ ነበር። አይቻለሁ። ቢበዛም የተንጠለጠለ ነው።

ቀናሁ። አልክድም። እሷ ከመበደሏ በፊት ነው የቀናሁት፤ ይህ ደግሞ በደሉን አያሳንሰውም።

ሻምበሉን በደንብ ያወቅኩትም ያን ጊዜ ነው። በነሐሴ አንድ ጠዋት መሳቢያውን ስከፍት ሦስት ካርዶች ጎን ለጎን ቆመው አየሁ። ሦስቱም ላይ ያለው አንድ የሴት ስም ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ፣ በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ሌላ ማንም ያልተጠራበት ስም። የሁለቱ ካርዶች የቤተሰብ ስም የአንድ የጋሪ ጎማ ሠሪ ነው። የሦስተኛው የሻምበሉ። ወረቀቶቹን ከየሳጥናቸው አወጣሁ። ሴትዮዋ መጻፍ አትችልም፤ በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት ታደርጋለች። የመስቀሉ እግር ወደ ግራ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። ሦስቱም ላይ መንጠቆው አለ።

የቀረውን በስፒል ቀዳዳ እየተከተልኩ፣ ያልገባኝን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ አገኘሁት። ጎማ ሠሪው በሰልፍ ቀን በሰው ፊት ሻምበላችን ሴት ሲያይ ትእዛዝ ይረሳል ብሎ ተናገረ። ሻምበሉ ስሜን አጠፋ ብሎ ከሰሰውና ረታው። ጎማ ሠሪው ቤቱንና የሥራ ቦታውን ሸጠ፤ የገዛው ሻምበሉ ነው። በዚያ ውል ላይ ሚስትየዋ በቤቱ ያላትን መብት ለቅቃ ምልክቷን አድርጋለች፤ የመጀመሪያው ካርድ ይህ ነው። ከዚያ ጎማ ሠሪው ሞተ፤ ሁለተኛው ካርድ ሚስቱ የውርስ አጣሪ የሆነችበት ነው። ሦስተኛው ካርድ ሻምበሉ ያንኑ ቤት ለሌላ ሰው ሲሸጥ ነው። ያቺው ሴት አሁን የሻምበሉ ሚስት ሆና፣ ስለዚያው ቤት፣ ያንኑ መንጠቆ አደረገች።

ሻምበሉ ሁለት ጊዜ አግብቷል፤ ሁለተኛዋ ሚስቱ ከየት እንደመጣች ሳጥኖቹን የሰጠው ቤተሰብ አያውቅም ነበር። በቤተሰብ ስም ቢደረደሩ ኖሮ ሴትዮዋ ሁለት ቦታ ተከፍላ እስከ ዛሬ ሁለት ሴት ሆና ትቀር ነበር።

ሁለት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። አንዱ ከሰልፍ የቀሩት ሰዎች ዝርዝር ነው። ጎማ ሠሪው ሚስቴ ታማብኝ ቀረሁ ብሏል። የሌሎቹ ምክንያት አጠገብ ሻምበሉ ምንም አልጻፈም፤ እሱ አጠገብ ግን በራሱ እጅ፣ ብዕሩ ወረቀቱን እስኪበሳ ተጭኖ፣ ውሸት ብሎ ጽፏል። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ክሱ የስድብ ክስ ይባላል እንጂ ሰውየውን ያሳመመው ስድቡ አልነበረም። የሌላ ሰው ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሻምበሉን እዚያች ቃል ላይ አወቅኩት፤ ብዙም አልጠላሁትም።

ሁለተኛው፣ አጥቢያ ዳኛው በሁለቱ ውሎች ላይ የጻፈው ነው። በዚያ ዘመን ባል ቤት ሲሸጥ ዳኛው ሚስትየዋን ከባሏ ለይቶ ለብቻዋ መጠየቅ ነበረበት። ሁለቱም ጊዜ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው፤ ከባሏ ተለይታ ለብቻዋ ተጠየቀች፣ ያለ ማስፈራራት በገዛ ፈቃዷ ተስማማች። ይህ ደስ አለኝ። እኔን አንድም ሰው ለብቻዬ ወስዶ ፈቃድሽ ነው ወይ ብሎኝ አያውቅም። ቢያንስ እሷን ጠይቀዋታል አልኩ።

በዚያ ሰሞን ኃላፊዋ ሁለታችንን ጠርታ ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ቋሚ ሥራ እንደሚከፈት ነገረችን። ወረቀት የሚያደራጅ ሰው ነው የሚፈለገው። የፈለገ አፕላይ ያድርግ፣ ስለ ሻምበሉ ወረቀቶች ሁለት ገጽ ጽፎ ያቅርብ አለች። መወልወያውን ጥዬ እዚያ ወንበር ላይ መቅረት፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ የተመኘሁት ነገር የለም።

ልጅቷ እንደማታመለክት ነገረችኝ። «የእርስዎ ነው እትዬ። እኔ ኮሌጅ እገባለሁ» አለች። በተከታታይ ሦስት ቅዳሜ የምግብ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጠን እኔ በአማርኛ ነገርኳት፣ እሷ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ስለ ሦስቱ ካርዶች፣ ስለ መንጠቆው፣ ብዕሩ ስለበሳት ቃል። ስነግራት ብዕሯን አቁማ «እትዬ፣ ይሄን እንዴት አዩት?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህም ይቆጠር። ታይፕ አድርጌ አስገባልዎታለሁ ብላ ወሰደችው።

በጥቅምት ኃላፊዋ ጠራችን። አንድ ወረቀት አንስታ ጮክ ብላ አነበበች። እንግሊዝኛው ከፍ ያለ ነው፤ መንጠቆው ሲመጣ ግን አወቅኩት። የእኔ ነው ብዬ ቀና አልኩ። ኃላፊዋ የምታየው ልጅቷን ነበር። በእኔ ስም የገባው ስለ ስፒል ቀዳዳ የሚያወራ ግማሽ ገጽ ነው። ሥራው ለልጅቷ ተሰጠ።

እኔ ነኝ ያገኘሁት አልኩ። ኃላፊዋ አዎ፣ ረድተሻታል፣ ጽፋዋለች ብላ የወረቀቱን ግርጌ አሳየችኝ። እውነትም ተመስግኛለሁ። «የጽዳት ሠራተኛችን ላደረገችልኝ እርዳታ» ይላል። ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ ካርዶቹ በስህተት በመጀመሪያ ስም ተደርድረው እንደነበር፣ ልጅቷ አይታው ሁሉንም እንዳስተካከለችው፣ ምንም እንዳይሰማኝ ነገረችኝ። መልስ ነበረኝ። ያለኝ መልስ ግን በአማርኛ ነበር።

ወደ ቤት የምንሄደው በእሷ መኪና ነው። ዎርዝንግተንን ወጣን።

«የማን ሐሳብ ነው?» አልኳት።

«የእርስዎ።»

«ታዲያ?»

«እትዬ፣ እነሱ እንግሊዝኛ ነው የሚፈልጉት። ለእርስዎ አይሰጡዎትም። እኔም ባላስገባው ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ነበርን። አሁን ቢያንስ ከቤታችን አልወጣም።»

«ከየትኛው ቤታችን?»

ማርሽ ቀየረች።

«ካርዶቹንስ ለምን ነካሻቸው?»

«ስህተት ነበራ። በቤተሰብ ስም ነው የሚደረደረው።»

«ስህተቱ ባይኖር ምን ትጽፊ ነበር?»

ሬዲዮ ከፈተች። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ሌላ ልጅ ጋር ገባች። አሁን ሻንጣዋ ሦስት ሆኗል።

ከወር በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ነገሩን ሰሙ። የነገረቻቸው እሷ ናት፤ እኔ ለማንም አልተናገርኩም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሂሊያርድ ሰፈር አንደኛው ሽማግሌ ቤት ጠሩን። ሶፋው በፕላስቲክ እንደተሸፈነ ነው። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁሉም የሚፈሯቸው ታላቁ ጋሼ መሐል ተቀምጠዋል። የቤቱ ባለቤት በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚጠይቅበትን የአገራችንን ወግ አንስቶ «እዚህ ድንጋይ ለመሸከምም ፐርሚት ሳያስፈልግ አይቀርም» አለ። ሰው ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች።

ልጅሽ ናት፣ ሥጋሽ ናት የሚለውን ሁሉ አሉኝ። ሰው አገር ተሰዶ እርስ በርሱ ቢቆራረጥ ማን ይቀብረዋል አሉኝ። ሥራው ከእኛ እጅ አልወጣም፣ ለሁላችንም ኩራት ነው አሉኝ። ልጅቷ ተነስታ መሐል ቆመች። ሁሉም እኔን ያያሉ።

«በሰው ፊት አልመልስም» አልኩ። «ለብቻዬ ይጠይቁኝ።»

ተያዩ። እንዲህ ያለ ሽምግልና አይተው አያውቁም። ታላቁ ጋሼ ግን ተነሱ። በማድ ቤቱ አልፈን ጋራዡ ውስጥ ገባን። የሣር ማጨጃው አጠገብ ቆሙ፤ በሩን ዘጉ።

«በይ፣ ለብቻችን ነን» አሉ። «ይቅር ብለሻታል?»

«አላልኩም ጋሼ።»

«ትያለሽ?»

«አልልም። ፈቃዴ አይደለም።»

እዚያ የቆመውን መኪና ጎማ በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። «እሺ የኔ እህት» አሉና በሩን ከፍተው ቀደሙኝ።

ሳሎን ስንገባ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ታላቁ ጋሼ ቦታቸው ተቀመጡ። «ተስማምታለች» አሉ። «በገዛ ፈቃዷ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ልጅቷ ጉልበቴን ሳመች። እኔ አልተናገርኩም። የእሳቸውን ቃል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማን ያፈርሳል? ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ስለ ጎማ ሠሪው ሚስት ነበር። ዳኛው ለብቻዋ ወስዶ ሁለት ጊዜ ሲጠይቃት ምን ብላው እንደነበር እስከዚያ ቀን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የጻፈው እሱ ነው፤ እሷ መስቀል ብቻ ነው ያደረገችው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ዎርዝንግተን ሄድኩ። ልጅቷ ገና አልደረሰችም። መሳቢያውን ከፈትኩ፤ ካርዶቹ በቤተሰብ ስም ተደርድረዋል፤ ሴትዮዋ ሁለት ቦታ ተከፍላለች። በእጄ የጻፍኳቸውን ሦስት ካርዶች ፈልጌ አወጣሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የመወልወያውን ቁም ሳጥን ቁልፍ የኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። በዚያው ሳምንት ዋይትሆል አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ገባሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ልጅቷን ቤተ ክርስቲያን አያታለሁ፤ ሰላም አልላትም። የሰርግ መጥሪያ ላከችልኝ። አልሄድኩም። ካርዶቹንም አልመለስኩም።